ኒሻኑን አያችሁ፣ እጁን ግን አላያችሁም

ወገኖቼ፣ የጦር ሐኪም ጀግንነት ሲወራ ዓይናችሁ የሚያርፈው ደረቱ ላይ ነው። ስንት ኒሻን አለው? ማን አጠለቀለት? በየትኛው ጦርነት? ይህን ሁሉ ትጠይቃላችሁ። ያን ኒሻን ያስገኘው እጅ በዚያች ሰዓት ምን ይሠራ እንደነበር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጀግናውን ታነሣላችሁ፣ ታወድሳላችሁ፤ ሥራውን አታውቁትም። ስለማታውቁትም መንገድ ዳር ሰው ደሙ ሲፈስ ክብ ሠርታችሁ ትቆማላችሁ፣ ስልክ አውጥታችሁ ትቀርጻላችሁ፣ «ኧረ ሰው ጥሩ!» ትላላችሁ። የምትጠሩት ሰው እስኪደርስ ግን ቁስለኛው አይቆይላችሁም።

በብሪታንያ ሠራዊት ከ1856 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጥ፣ ከሁሉ በላይ የሆነ የጀግንነት ኒሻን አለ፤ ቪክቶሪያ ክሮስ ይባላል (ከዚህ በታች ያሉት ቀንና ዓመትም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ይህን ኒሻን ሁለት ጊዜ የተቀበሉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱ ሐኪሞች ናቸው። ይህን ነገር ቆም ብላችሁ አስቡት። አንዱ አርተር ማርቲን ሊክ ነው። በየካቲት 1902 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ቭላክፎንቴን በተባለ ቦታ፣ 40 ያህል ተኳሾች ከ100 ሜትር ባነሰ ርቀት እየተኮሱበት ቁስለኛ ያክም ነበር። የቆሰለ መኮንን አመቻችቶ ሊያስተኛ ሲል ራሱ ሦስት ጊዜ ተመታ። ከዚያም ሜዳው ላይ ከወደቁት ጋር ተጋድሞ ሳለ ውሃ ሲያመጡለት ሌሎቹ ሁሉ ሳይጠጡ አልቀምስም አለ። ሁለተኛውን በ1914 ቤልጅየም ውስጥ አገኘ።

ሌላው ኖኤል ሻቫስ ነው። በ1884 ኦክስፎርድ ከሰባኪ ቤተሰብ ከነመንትያ ወንድሙ ተወለደ፤ በ1908 የለንደን ኦሎምፒክ 400 ሜትር ሮጠ፤ ሕክምና ተምሮ ሊቨርፑል ውስጥ በአጥንት ሐኪሙ በሮበርት ጆንስ ሥር ሠራ፤ ጦርነቱ ሲነሣ የአንድ የሊቨርፑል ሻለቃ ሐኪም ሆኖ ፈረንሳይ ዘመተ። በነሐሴ 1916 ጊየሞን ላይ ያደረገውን የኒሻኑ መግለጫ አንድ በአንድ ይዘረዝረዋል። ቀኑን ሙሉ ጠላት እያየው በገላጣ ሜዳ ቁስለኞችን አከመ። ሌሊቱን ከጠላት ምሽግ ፊት ለፊት አራት ሰዓት ቁስለኛ ፈለገ። በማግስቱ ከአንድ ቃሬዛ ተሸካሚ ጋር ወደ ፊተኛው ምሽግ ወጥቶ በጽኑ የተጎዳ ሰው 450 ሜትር ያህል ተሸክሞ አወጣ፤ በመንገድ ላይ የመድፍ ፍንጣሪ ጎኑን መታው። በዚያው ሌሊት 20 ፈቃደኞች አስከትሎ ከጠላት ምሽግ 25 ሜትር እንኳ ከማይርቅ የመድፍ ጉድጓድ ሦስት ቁስለኞችን አወጣ፣ የሁለት መኮንኖች አስከሬን ቀበረ፣ የሞቱትን መታወቂያ ሰበሰበ። በድምሩ 20 ያህል በጽኑ የቆሰሉ ሰዎችን ሕይወት እንዳዳነ ተጻፈለት።

አሁን ግሦቹን ቁጠሩ፦ ፈለገ፣ ተሸከመ፣ አወጣ፣ ቀበረ፣ ሰበሰበ። የሕክምና ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ነው? አብረውት የወጡት 20 ሰዎች ሐኪም አልነበሩም። በዚያው ጦርነት ዊልያም ኮልትማን የተባለ ቃሬዛ ተሸካሚ፣ በማዕረግ ምክትል አስር አለቃ፣ አንድም ጥይት ሳይተኩስ ከተራው ወታደር ሁሉ ይልቅ ብዙ ኒሻን የተሸለመ ሰው ሆነ፤ በ1918 ቪክቶሪያ ክሮስም ተጨመረለት። እሱም ሐኪም አልነበረም። እንግዲህ «እኔ ሐኪም አይደለሁም» የምትሏትን ማመካኛ ተዉአት።

ወደ ሥራው እንግባ። አዋቂ ሰው ሰውነቱ ውስጥ አምስት ሊትር ያህል ደም አለው። ሁለት ሊትር ያህል ከፈሰሰ ሰውየው ሞት አፋፍ ላይ ነው። ጭን ላይ ያለው ትልቁ ደም ቅዳ ቧንቧ ሲበጠስ ይህ እንዲሆን የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ደሙ በልብ ምት እየተገፋ ከፈነጠቀ፣ መሬት ላይ ከረጋ፣ ልብስን አርሶ ማንጠብጠቡን ካላቆመ፣ ወይም ሰውየው ግራ መጋባትና መፍዘዝ ከጀመረ ጊዜ የላችሁም። መጀመሪያ እናንተን የሚመታ ነገር ቀርቶ እንደሆነ እዩ፤ መኪናው፣ ኤሌክትሪኩ፣ ተኳሹ። ሁለተኛ ቁስለኛ ከሆናችሁ ሸክም ጨመራችሁ እንጂ አልረዳችሁም። ከዚያ አንድ ሰው በጣታችሁ እያመለከታችሁ «አንተ ደውል» በሉ፤ «አንድ ሰው ይደውል» ካላችሁ ማንም አይደውልም።

ከዚያ ልብሱን ቅደዱ። ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ በልብስ ላይ ፋሻ ይጠመጥማሉ፣ ደሙ ከየት እንደሚመጣ ሳያዩ። ቦታውን አይታችሁ ንጹሕ ጨርቅ አድርጉና በሁለት እጅ፣ አንዱን መዳፍ በሌላው ላይ ደርባችሁ፣ ክርናችሁን ቀጥ አድርጋችሁ በሰውነታችሁ ክብደት ተጫኑ። ሰውየው ከሥሩ ጠንካራ ነገር ያስፈልገዋል፤ ፍራሽ ላይ ከተጫናችሁት ፍራሹ ይሰምጣል እንጂ ቧንቧው አይታፈንም። ሰዓት አይታችሁ 10 ደቂቃ ያዙ። በመሃል «ቆመ ወይ?» እያላችሁ ጨርቁን አታንሡ፤ ደም የሚረጋው ሳይነካ ሲቀር ነው፣ ባነሣችሁት ቁጥር የረጋውን ቀዳችሁ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ጨርቁ ከረሰረሰ ሌላ ደርባችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑ። ሁለተኛውም ከረሰረሰ የምትጫኑት ቦታውን ስታችሁ ነው፤ ሁለቱንም አንሡና የሚፈሰውን ጉድጓድ በጣታችሁ ፈልጉ። የጨርቅ ክምር ኃይላችሁን ይበታትነዋል። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ፣ በተለይ ብሽሽት፣ ብብትና ትከሻ ሥር ከሆነ፣ ጎዝ ወይም ንጹሕ ጨርቅ እያጠፋችሁ እስከ ታች ጠቅጥቁትና ከላይ ተጫኑት። ቁስለኛው ይጮኻል። ይጩኽ፤ የሚጮኽ ሰው ይተነፍሳል።

በዚያ በሻቫስ ዘመን እያንዳንዱ የብሪታንያ ወታደር በልብሱ ኪስ ውስጥ የሚይዘው የቁስል ማሸጊያ ጥቅል ነበር፤ በውስጡ አንድ ሳይሆን ሁለት ፋሻ አለ። ለምን ሁለት? ጥይት በገባበት ብቻ አይቀርምና። የወጣበት ቀዳዳ ከጀርባ ሊሆን ይችላል፣ ከገባበትም ሊሰፋ ይችላል። ቁስለኛውን ከፊት አሽጋችሁ ከሥሩ ደሙ መሬቱን እንዳያርሰው እጃችሁን በጀርባው፣ በቂጡ፣ በብብቱ ሥር አስገብታችሁ ጎትቱና መዳፋችሁን እዩ።

ክንድ ወይም እግር ሆኖ መጫን ካላቆመው፣ ወይም ጭራሽ ተቆርጦ ከሆነ፣ ማነቂያ ማሰሪያ ነው የሚያድነው፤ በሙያው ቱርኒኬት ይባላል። ስለ እሱ ብዙ የሐሰት ፍርሃት ተነዝቷል፤ «እግሩን ታስቆርጡታላችሁ» እያላችሁ ሰው ስታስገድሉ ኖራችኋል። እስከ ሁለት ሰዓት የታሰረ እጅና እግር አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም፤ ሆስፒታል የምትደርሱት ደግሞ ከዚያ በፊት እንዲሆን ነው የምትሮጡት። ከቁስሉ በላይ፣ ማለትም ወደ ልብ በኩል፣ ከአምስት እስከ ሰባት ሳንቲሜትር ርቃችሁ እሰሩ፤ በክርንና በጉልበት ላይ ግን በፍጹም አይሁን፣ መገጣጠሚያ ቧንቧውን ከልሎ ያስመልጠዋልና ከዚያ ከፍ በሉ። የተዘጋጀ ከሌለ አራት ወይም አምስት ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ጠንካራ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ጠምጥማችሁ ቋጥሩ፤ ቋጠሮው ላይ የማይሰበር የእጅ መዳፍ የሚያህል እንጨት ወይም ብረት አድርጋችሁ እንደገና ቋጥሩና ደሙ እስኪቆም አጠማዝዙ። ከዚያ እንጨቱ እንዳይፈታ ጫፉን በሌላ ጨርቅ እሰሩት።

የሚበላሸው የት ነው? ገመድ፣ ሽቦ፣ የጫማ ክር የምታስሩት ሥጋ ይቆርጣል እንጂ ጥልቅ ያለውን ቧንቧ አያፍንም። ዱላ የሌለው በእጅ የተሳበ ቋጠሮ አይበቃም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ግማሽ ልብ ማሰር ነው። ደምን ወደ ልብ የሚመልሱት ሥሮች ስስና ከላይ ስለሆኑ ቀድመው ይታፈናሉ፤ ደም የሚያመጣው ቧንቧ ግን ጥልቅና ብርቱ ስለሆነ መግፋቱን ይቀጥላል። ደም ይገባል፣ መመለሻ ግን የለውም፣ ስለዚህ በቁስሉ በኩል ከበፊቱ ብሶ ይወጣል። ለስላሳ አስራችሁ ደሙ ሲጨምር ያያችሁት ለዚህ ነው፤ መልሱ መፍታት ሳይሆን ማጥበቅ ነው። አንዱ ካልበቃ ከበላዩ ሁለተኛ ጨምሩ። ያሰራችሁበትን ሰዓት ግንባሩ ላይ ወይም ማሰሪያው ላይ ጻፉ። «ደም ይዘዋወርለት» ብላችሁ በየመሃሉ አታላሉት፤ የሚፈታው ሐኪም ነው።

ደረትና ሆድ ይለያሉ። እዚያ ውስጥ የሚፈሰውን በእጅ መድረስ አይቻልም፤ የሚያድነው ቢላ የያዘ ቀዶ ሐኪም ብቻ ነውና ጊዜ አታጥፉ። ደረት ውስጥ ጨርቅ አትጠቅጥቁ፤ መተንፈስ ከከበደው ቀና አድርጋችሁ አስደግፉት። አንጀት ከወጣ አትመልሱት፣ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። የተሰካ ብረት ወይም ቢላ አትንቀሉ፣ ዙሪያውን ደግፋችሁ እንዳለ ውሰዱት። ውሃም ሆነ ወተት ወይም ሻይ በአፉ አትስጡት፤ ሊታወክና ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፣ ቀዶ ሕክምናውንም ያከብድበታል። ሰው ሲዝል ፊቱ ላይ ውሃ የምታፈሱትን ነገርም ከዛሬ ጀምሮ ተዉት። የበረደው ሰው ደሙ መርጋት ያቅተዋል። ቁስለኛን ከላይ ብቻ አታልብሱት፤ ቅዝቃዜው ከመሬት ነውና ከሥሩም ካፖርት ወይም ብርድ ልብስ አንጥፉለት፣ የረጠበ ልብሱን አውልቁ።

ሻቫስን የገደለው እንዲህ ያለ የሆድ ቁስል ነው። በሐምሌ 31፣ 1917 ቤልጅየም ውስጥ የፓሸንዴል ውጊያ በተጀመረበት ቀን ቁስለኛ ተሸክሞ ሲሄድ ራሱ ተመታ። ወደ ኋላ አልሄድም ብሎ ሁለት ቀን ያህል ምግብ እምብዛም ሳይቀምስ በጭቃው ውስጥ እየወጣ ቁስለኛ ፈለገ። ሆዱን የመታው ፍንጣሪ ብራንድሁክ የቀዶ ሕክምና ጣቢያ አደረሰውና በነሐሴ 4 ሞተ። ዕድሜው 32 ነበር። ሁለተኛው ኒሻን ከሞቱ በኋላ ነው የተሰጠው፤ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ሁለት ተመሳሳይ መስቀሎች ተቀርጸዋል።

ስለ መሸከም ደግሞ ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው የምታበላሹት እዚህ ነውና። አንዱ በእጁ፣ ሌላው በእግሩ ይዞ እያወዛወዘ መኪና ውስጥ መወርወር ማዳን አይደለም። የተሰበረ የጭን አጥንት ቆዳው ሳይቀደድ እንኳ ከአንድ ሊትር በላይ ደም ወደ ውስጥ ሊያፈስ ይችላል፤ ስለታም ጫፉ በየመወዛወዙ ሥጋና ሥር ይቆርጣል። ለዚህ መፍትሔውን ያበጀው ሂው ኦወን ቶማስ የተባለ የሊቨርፑል የአጥንት ሐኪም ነው፤ እግሩን ወደ ታች ስቦ የሚይዝ የብረት ቀለበትና ዘንግ ሠራ። በሚስቱ በኩል ዘመዱ የሆነው ሮበርት ጆንስ፣ የሻቫስ አለቃ የነበረው ያ ሐኪም፣ ወደ ጦር ሜዳ አስገባው፤ ተሸካሚዎችም ዓይናቸው ታስሮ እንዲያስሩት ይለማመዱት ነበር፤ በጨለማ ሊሠሩት ነውና። በጭን ስብራት የሚሞተው ወታደር ቁጥር በእጅጉ ወደቀ። እናንተ ያ መሣሪያ ባይኖራችሁ እንኳ የተሰበረውን እግር ከጤነኛው ጋር በመካከል ጨርቅ አድርጋችሁ፣ ከስብራቱ በላይና በታች እሰሩት፤ ስብራቱ ላይ ግን አትሰሩ።

ቃሬዛ ከሁለት አጣናና ከአንድ ብርድ ልብስ ይሠራል። ብርድ ልብሱን ዘርግታችሁ አንዱን አጣና ሲሶው ላይ አድርጉና ጫፉን አጥፉበት፤ ሁለተኛውን በታጠፈው ክፍል ላይ፣ ከጠርዙ አጠገብ አጋድማችሁ የቀረውን መልሳችሁ አልብሱት። የሚያጠብቀው የሰውየው ክብደት ራሱ ነው። ጤነኛ ሰው አስተኝታችሁ ሳትሞክሩት ቁስለኛ አትጫኑ። አራት ሰው ይያዝ፤ ከራስጌ ያለው አንዱ ብቻ ይዘዝ፣ እሱ ሲቆጥር ሁላችሁም እኩል አንሡ። በሜዳና በቁልቁለት እግሩ ይቅደም፣ በዳገትና በደረጃ ስትወጡ ራሱ ይቅደም። እግራችሁ እንደ ሰልፈኛ በአንድነት አይውረድ፤ እንዲያ ሲሆን ቃሬዛው ይናወጣል። ፓሸንዴል ላይ ጭቃው አንዱን ቃሬዛ ስድስትና ስምንት ሰው ለሰዓታት አስይዞ ነበር። ተሸካሚ ይደክማል፤ ተቀባይ ሳታዘጋጁ አትነሡ።

የሚከተለውን ለመስማት ትቸገሩ ይሆናል፤ ግን መነገር አለበት። ቁስለኛ ወድቆ ሳለ «የማን ወገን ነው?» የምትሉ አላችሁ። የናፖሊዮን ሠራዊት ቀዶ ሐኪም ዶሚኒክ ላሬ በፈረስ የሚጎተት ፈጣን የቁስለኛ ሠረገላ ያበጀ ሰው ነው። ማዕረግም ሆነ ዜግነት ሳያይ፣ በጣም የተጎዳው ይቅደም ብሎ ደንብ አቆመ፤ የጠላትን ወታደርም ያክም ነበር። ዛሬ ይህ ሕግ ሆኗል። የ1949 የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 12 ማን ቀድሞ ይታከም የሚለውን የሚወስነው የሕክምና አጣዳፊነት ብቻ ነው ይላል። ኒሻን ያደረገ ሐኪም ፊት አጨብጭባችሁ፣ ዞር ብላችሁ ደግሞ «የእነሱን ለምን አከመ?» ካላችሁ፣ ያጨበጨባችሁት ለማን እንደሆነ እናንተም አላወቃችሁም።

ከውጊያ ውጭ ያለው ቀኑ ደግሞ ማንም አይዘፍንለትም። የሻለቃ ሐኪም በየጠዋቱ በሽተኛ ያያል፣ የመጠጥ ውሃው በክሎሪን መታከሙን ያረጋግጣል፣ ሽንት ቤቱ ከኩሽናው መራቁን፣ ዝንብ እንዳይደርስበት መሸፈኑን ያያል፣ ወታደሩ ጫማውን አውልቆ እግሩን እንዲያደርቅና ካልሲ እንዲለውጥ ያስገድዳል፤ በረጠበ ምሽግ ቀናት የቆመ እግር ይበሰብሳልና። መንጋጋ ቆልፍንም አስቡ። በ1914 ጦርነቱ ሲጀመር ቁስሉ ቀላል የሆነ ወታደር እንኳ በእሱ ይሞት ነበር፤ የፈረስ ፋንድያ የጠገበ የእርሻ መሬት ላይ ነበርና የሚዋጋው። ለቆሰለ ሁሉ መከላከያው መርፌ መሰጠት ሲጀምር በሽታው ወዲያው ቀነሰ። እናንተ መቼ ነው የተከተባችሁት? አዋቂ ሰው በየ10 ዓመቱ ይደግመዋል፤ ቁስሉ ጥልቅና ቆሻሻ ከሆነ፣ የመጨረሻው ክትባት አምስት ዓመት ካለፈው፣ በዚያው ቀን ይከተባል። ዝገቱ አይደለም የሚያመጣው፤ አፈርና እበት ነው ቤቱ።

ደም ስጡ ሲባል ደግሞ አደጋ የደረሰ ቀን በሆስፒታሉ በር ትሰለፋላችሁ። ልባችሁ መልካም ነው፤ ነገሩ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ለጋሹ የሚሰጠው 450 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቫይረሶችና ለቂጥኝ ሳይመረመር ለማንም አይሰጥም፤ ምርመራው ሰዓታት ይፈጃል። በዚያች ሌሊት ሰው የሚያድነው ባለፈው ሳምንትና ባለፈው ወር የተሰጠው፣ ተመርምሮ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ባለ ማቀዝቀዣ የተቀመጠው ነው። ይህን ብልሃት የጀመሩትም የጦር ሐኪሞች ናቸው፤ ኦስዋልድ ሮበርትሰን የተባለ ሐኪም በ1917 ከካምብሬ ውጊያ በፊት የኦ ዓይነት ደም እንዳይረጋ በሲትሬት አዘጋጅቶ በበረዶ ሣጥን አከማቸ። ቀይ የደም ሕዋስ ግን ቢበዛ 42 ቀን ነው የሚቆየው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሰጥታችሁ ፎቶ ተነሥታችሁ መቅረት ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ወንድ በየሦስት ወሩ፣ ሴት በየአራት ወሩ ብትመላለሱ ነው ማቀዝቀዣው የማይጎድለው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይኸው ነው።

የተሸለመው ሐኪም በሕይወት ሲመለስስ? ስንት ሰው እንደሞተበት አትጠይቁት። በእጁ ያለፈውን ሁሉ ያስታውሳል፣ ያላዳነውን ግን ይበልጥ። ቅዠቱ፣ ከሰው መራቁ፣ በትንሽ ድምፅ መደንገጡ ከአንድ ወር በላይ ከዘለቀ ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው፤ «አንተ ጀግና አይደለህ እንዴ?» እያላችሁ አፉን አትዝጉት። ኒሻን ራሱ እንኳ አስተማማኝ አይደለም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ቀዶ ሐኪም የነበረችው ሜሪ ዎከር የክብር ሜዳሊያውን በ1865 ተሸለመች፤ በ1917 ሠራዊቱ ስሟን ከመዝገብ ሰረዘ። እሷ ግን እስክትሞት አልመለሰችውም፣ አድርጋው ትሄድ ነበር። በ1977 መልሰው ጻፏት።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ አምስት ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ጨርቅና አንድ የማይሰበር ዱላ አዘጋጁ። አንዳችሁ ተኙ፣ አንዳችሁ ጭኑ ላይ እሰሩ። ሌላው ከቁርጭምጭሚቱ በታች በእግሩ ላይኛው ገጽ፣ ከአውራ ጣቱ አጥንት አጠገብ ወደ ላይ ባለው መስመር ትርታውን በሁለት ጣት ይያዝ። ትርታው የሚጠፋው በስንተኛው ዙር እንደሆነ ቁጠሩ፣ ከዚያ ወዲያው ፍቱት። ያማል፤ ምን ያህል እንደሚያምም እወቁት። ቀጥሎ ተራ ተለዋወጡና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እሰሩ።